ቆሜ የምሠራበት ጠረጴዛ

ተቀምጬ መሥራት አልወድም። ቤቴ ውስጥ እንኳ ሳህኔን ይዤ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነው የምበላው፤ ባለቤቴ «እባክሽ አንዴ ቁጭ በይ፣ አዞርሽኝ» ማለት ከጀመረ ስንት ዓመቱ! ድራፍቲንግ፣ ማለትም የሕንፃ ፕላን መሣል፣ የተማርኩትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥዕል ወድጄ አልነበረም። ቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደገባሁ ክፍሎቹን ሲያስጎበኙን፣ በአንዱ ክፍል ሴቶች ታይፕ ፊት በተርታ ተቀምጠው አየሁ። አንገታቸው እንኳ አይዞርም። በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ ተማሪዎቹ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ፊት ቆመው፣ ረጅም ማስመሪያ ይዘው ወዲህና ወዲያ ይላሉ። ምን እንደሚሠሩ ሳልጠይቅ እዚያው ወሰንኩ።

ከዚያ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩና የዕድሜዬን ግማሽ በድራፍቲንግ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ አሳለፍኩ። መሐንዲሶቹ በእርሳስ ሞነጫጭረው ያመጡትን እኛ በስስ ወረቀት ላይ በቀለም አሳምረን እናወጣለን፤ እሱ ይባዛና ግንባታው ቦታ ይሄዳል። የእኔ ጠረጴዛ መስኮቱ ጥግ ነበር። ብርሃኑ ከግራ ይገባል። በቀኝ እጁ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ የገዛ እጅሽ ጥላ መስመርሽ ላይ አይወድቅም። ረጅም መስመር ሲመጣ ብዕሬን ይዤ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ እራመዳለሁ። ሲደክመኝ ቀና ብዬ ቁልቁል የካዛንቺስን ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ታክሲ የሚጋፋውን ሰው፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመው የሚጨቃጨቁትን አያለሁ። ሥራዬን እወዳለሁ የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን የምወደው ያንን ቦታ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሮች በካርቶን ታሽገው መጡ። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ገና ብርቅ ነበር፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር መጥታ አየችው። የክፍላችን ኃላፊ ደህና ሰው ናቸው፣ ነገር ማስረዘም ግን አይወዱም። በዚያው ጠዋት ሰበሰቡን።

«ከእንግዲህ ሥራው በዚህ ነው» አሉ ካርቶኑን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ። «በማታው ከምህንድስና ተማሪዎች ጋር የኮምፒውተር ሥዕል ኮርሱን ወስዶ ያለፈ እዚሁ ይቀጥላል። ያላለፈ መዝገብ ቤት ይዛወራል።»

«ጠረጴዛዎቹስ?» አልኩ።

«እስቶር ይገባሉ።»

«የእኔም?»

ትንሽ አዩኝ። «አንቺ መጀመሪያ እለፊ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

መዝገብ ቤት ማለት ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ በቀንም መብራት ይበራል። እዚያ ያሉት ሰዎች ጠዋት ከተቀመጡ እስከ ምሳ አይነሡም፣ ከምሳ መልስም እንደዚያው። አንድ ጊዜ ፋይል ፍለጋ ወርጄ ጥቂት ስቆይ እግሬ ውስጥ ጉንዳን የገባ መስሎኝ ነበር። እዚያ ከተላክሁ እብድ ነው የምሆነው፣ ይህንን ለባለቤቴ ሳልደብቅ ነግሬዋለሁ። ስለዚህ ኮርሱን ማለፍ አለብኝ። ማለፍ ብቻም አይደለም፣ ካለፍኩ በኋላ ኃላፊውን ጨቅጭቄ ጠረጴዛዬንም አስቀራለሁ። «እንነጋገራለን» ያሉትን ቃል እንደ ቀጠሮ ይዤ ተነሣሁ።

ከእኔ ጋር በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ግን አልተከተሉኝም። አንደኛው ጡረታቸው ስለደረሰ «በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ጋር አልንጫጫም» ብለው ተሰናበቱ። ሁለተኛዋ ዝውውር ጠይቃ ወደ ሌላ ክፍል ሄደች። የእያንዳንዳቸው ጠረጴዛ ባለቤቱ በወጣ በነጋታው ተሸክመው አወረዱት። ክፍሉ ውስጥ የኔ ብቻ ቀረ፣ እንዲሁም በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ኮምፒውተሮቹ የተቀመጡባቸው ሁለት ዝቅ ያሉ ጠረጴዛዎች።

የማታው ትምህርት ስታዲየም አካባቢ ነበር። አንድ ቦታ ተገትሬ ታክሲ መጠበቅ ስለማልችል ከካዛንቺስ ቁልቁል በእግሬ ነው የምሄደው። ኳስ ጨዋታ ባለ ቀን ሕዝቡ ከወዲያ ሲፈስ፣ እኔ ማስመሪያና ስኬል የያዘ ቦርሳዬን እቅፍ አድርጌ ከወዲህ እጋፋለሁ።

የመጀመሪያ ቀን የኮምፒውተር ክፍሉን በር ከፍቼ ስገባ ተማሪዎቹ ብድግ አሉ። አስተማሪ መስያቸው ነው። «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አልኩና ከኋላ ባዶ ወንበር ፈልጌ እኔም ተቀመጥኩ። ሳቃቸው እስከ ሰዓቱ መጨረሻ እየበረደ እንደገና ይነሣ ነበር። እውነተኛው አስተማሪ ቀጭን፣ ትሑት፣ የታናሽ ወንድሜ እኩያ የሚሆን ልጅ ነው። እኔን ባናገረ ቁጥር «እርስዎ» ሲል ሌሎቹ ዞረው ያዩኛል።

ማሽን ስለማይበቃ ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንቀመጠው። የደረሰችኝ ልጅ የሦስተኛ ዓመት መካኒካል ተማሪ ናት፣ የካዛንቺስ ልጅ፣ እጇም አፏም የማያርፍ።

«እርስዎ ይቅደሙ» አለችና ማውሱን ገፋ አደረገችልኝ።

«አንቺ በይኝ። አብረን ነው የምንወድቀው።»

«ኧረ በቃ አንወድቅም እትዬ!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ እያለች አንቺ ትለኝ ጀመር፤ ለእኔም ተስማማኝ።

ክፍሉ አንድ ደንብ ነበረው። ማውስ ያልያዘ ሰው እጁን ጭኑ ላይ ማድረግ አለበት። ያለዚያ ሁለት ሰው አንድ ማሽን ላይ ሆኖ የሚሆነው ጠብ ነው። ይህ ደንብ ለእኔ እስር ቤት ሆነብኝ። የልጅቷ ተራ ሲሆን እጄ ከጭኔ ላይ ተነሥቶ ስክሪኑን ይነካል፣ «እዚህ ጋ፣ አይ እዚህ ጋ» እያልኩ ጣቴን እተክላለሁ። በሰዓቱ መጨረሻ የኛ ስክሪን ብቻ የጣት አሻራ ለብሶ ይገኛል። አስተማሪው ጨርቅ ያቀብለኛል፤ እኔም እወለውላለሁ።

የራሴ ተራ ሲደርስ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነበር። ብዕር ስይዝ ዓይኔና እጄ አንድ ቦታ ናቸው። ይሄኛው ግን እጄ ከታች፣ መስመሩ ከላይ። እጄን ሳይ መስመሩ ያመልጠኛል፣ መስመሩን ሳይ እጄ ማውሱን እያነሣ አየር ላይ ያንሳፍፈዋል። «እትዬ፣ ጠረጴዛው ላይ አድርጊው፣ ማለቴ አይበርም እኮ!» ትለኛለች። በሁለተኛው ሳምንት ማውሱን ወርውሬ ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን አስተማሪው የአንድ ቤት ፕላን ከፍቶ ተመልከቱት አለን። እኔ ማንኛውም ድራፍትስማን ፕላን ሲሰጠው የሚያደርገውን አደረግሁ። ቦርሳዬን ከፍቼ በየጠርዙ የተለያየ የልክ ምጣኔ ያለበትን ሦስት ማዕዘን ማስመሪያ፣ ስኬሌን፣ አወጣሁና ስክሪኑ ላይ አጋድሜ ግድግዳውን ለካሁ። አልገጠመም። ስኬሉን አገላብጬ በሌላው ጠርዝ ለካሁ። አሁንም አልገጠመም።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለኝ አስተማሪው ከኋላዬ።

«መምህር፣ ይሄ በስንት ስኬል ነው የተሳለው? መቶኛም አይደለም፣ ሃምሳኛም አይደለም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አጠገቤ ያለችው ልጅ እንኳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትንቀጠቀጣለች። አስተማሪው አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነካ ሲያደርግ ግድግዳው ከስኬሌ ሥር አድጎ ከስክሪኑ ወጣ።

«እዚህ ስኬል የለም» አለኝ። «ግድግዳው አምስት ሜትር ከሆነ አምስት ሜትር ብለው ነው የሚስሉት። ልኩን የሚያሳንሱት ሲያትሙ ብቻ ነው።»

ሳቁ አልከነከነኝም፣ ይህ ነገር ግን ከነከነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሕንፃን በመቶ አካፍዬ ስሳል ኖሬአለሁ። አሁን ሙሉውን ልኩን፣ አምስቱን ሜትር እንዳለ፣ እዚያ ጠባብ ሳጥን ውስጥ አስገባለሁ። የት ነው የሚቆመው? በምን ላይ? የዚያን ዕለት ለገሃር ወጥቼ ወደ ሰፈሬ ወደ ቡልጋሪያ የሚሄድ ታክሲ እስኪገኝ ድረስ መንገዱን እመላለስበት ጀመር። ሕንፃዎቹን ስመለከት በየጠርዛቸው ቀጭን መስመር ይታየኛል፤ ሰማይ ላይ ሳይቀር ይቀጥላል። ወያላው «እናት፣ ትገቢያለሽ አትገቢም?» ብሎ ሲጮህብኝ ነው የነቃሁት።

ሐሙስ ሐሙስ ቲዎሪ አለ። አስተማሪው መስመር እንዴት ስክሪን ላይ እንደሚወጣ ያስተምረናል። አዘንብሎ የተሰመረ መስመር የሚባል ነገር ማሽኑ ውስጥ እንደሌለ፣ ያለው ነጠብጣብ ብቻ እንደሆነ፣ ማሽኑ ለእያንዳንዱ ነጠብጣብ ወደ ጎን ልሂድ ወይስ ወደ ላይ ልውጣ እያለ እያሰላ ደረጃ እንደሚሠራ ነገረን። አጉልቶም አሳየን። እውነትም ደረጃ ነው። እኔ ተናደድኩ። አዘንብዬ ለሰመርኩት ለእያንዳንዱ መስመር፣ ለእያንዳንዱ የጣሪያ ቁልቁለት፣ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን ይዤ ነው ብዕር የጎተትኩት። አሁን አንድ ሳጥን ደረጃ ሠርቶ መስመር ነው ይለኛል።

«ይሄ ማጭበርበር ነው» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ልክ ነዎት» አለ አስተማሪው ፈገግ ብሎ። «ዋናው ዓይን እንዳያውቅበት ነው።»

ሥዕል የሚዞርበትን ቀመር ልጅቷ ናት ያስረዳችኝ። አንድን ነገር ለማዞር ቁጥሮችን በረድፍ ደርድሮ ማባዛት ነው። እሷ ስትሠራው ሁለት መስመር ይፈጃል፤ እኔ ስሠራው ቤቱ ተገልብጦ በጣሪያው ይቆማል። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ እኔ እንኳ ከመቀመጥ መነሣቱ ይበዛኛል፣ የሻይ ብርጭቆዋን እያዞረች አሳየችኝ። ብርጭቆው ዞሮ እጀታው ወደ እኔ ሲመጣ ገባኝ። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ደስታው ግን አልቆየም። የመንፈቁ ፈተና ማሽን ላይ ነበር፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን። ሥዕሌ ግማሽ ሲደርስ እንደ ልማዴ ብድግ አልኩና ወደ ኋላ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄጄ አየሁት። ጠረጴዛ ላይ ሁሌም እንዲያ ነው፤ ራቅ ብለሽ ሳታይ ሥዕል አይታረምም። ከኋላዬ የነበረውን ልጅ ወንበር ገጨሁት። አስተማሪው የሰው ስክሪን ላይ የማይ መሰለው።

«እባክዎ ይቀመጡ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቼ ሳላውቀው እንደገና ተነሣሁ። በዚህ ጊዜ ወደ ፊት ወንበር አዛወረኝ። እዚያ ደግሞ የምሸሽበት የለም፣ አፍንጫዬ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ዛፉ እንጂ ጫካው አልታይ አለኝ። ሳልጨርስ መብራት ሄደ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ውይ!» አለ። ልጆቹ በየጥቂቱ ሴቭ ያደርጋሉ፤ እኔ ግን ወረቀት ላይ ያሰመርኩት መስመር መብራት ስለጠፋ ጠፍቶብኝ አያውቅምና እንዲያ ያለ ልማድ አልነበረኝም። መብራቱ ሲመለስ ባዶ ስክሪን ጠበቀኝ። ውጤቴን ለማንም አልናገርም።

አስተማሪው ከክፍል ውጭ አስቁሞኝ «የመጨረሻው ፕሮጀክት ነው የሚያወጣዎት፤ እሱም ካላወጣዎት ግን፣ አልዋሽዎትም፣ ይወድቃሉ» አለኝ። ቤት ደርሼ ይህን ስናገር ባለቤቴ መዝገብ ቤትም ሥራ ነው ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ ፊቴን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

ፕሮጀክቱ ሁለት ሁለት ሆነን አንድ እውነተኛ ክፍል ለክተን፣ ፕላኑን ከነዕቃው ስለን፣ በትልቅ ወረቀት አሳትመን ማቅረብ ነው። ልጅቷ የሰፈሯን ጋራዥ እንሳል አለች። እኔ ግን ሳላስብ «የኔን ክፍል» አልኩ። በምሳ ሰዓት መጣችና ሜትሩን ከወዲያ ጫፍ ያዘችልኝ። በሩን፣ ዓምዱን፣ መደርደሪያውን፣ የኮምፒውተሮቹን ጠረጴዛዎች ለካን። በመጨረሻ የኔ ጠረጴዛ ጋ ደረስን። ልጅቷ ሜትሩን ትታ ጠረጴዛው ፊት ቆመች፤ እጇን በሰሌዳው ላይ አስኬደችና በመስኮቱ ወደ ታች አየች።

«እዚህ ነው እንዴ ቆመሽ የምትውዪው?»

«እዚህ ነው።»

«በቃ ገባኝ እትዬ» አለች። ከዚያ ሜትሩን አንሥታ ጫፉን ሰጠችኝ።

ሥዕሉን ስንጀምር ሌየር የሚባለውን ነገር እንድንጠቀም ታዘዝን። እንደ ስስ ወረቀት ተደራርቦ የሚቀመጥ ነው፤ ግድግዳው በአንዱ፣ ዕቃው በሌላው፣ ልኬቱ በሌላው ይሳላል። አስተማሪው ከመካከላቸው አንዱን ለይቶ «ይሄኛው ስክሪን ላይ ይታያል እንጂ አይታተምም፤ ተጠንቀቁ» አለ። ልጆቹ ፊታቸውን አጨማደዱ። እኔ ግን ልነሣና ላቅፈው ነበር። ምክንያቱም ይህ ሰማያዊ እርሳሴ ነው! በእጅ ስንሠራ መጀመሪያ በሰማያዊ እርሳስ መሪ መስመር እንጥላለን፤ ማባዣ ማሽኑ ሰማያዊውን ስለማያይ አይወጣም። በቀለም የተሠራው ብቻ ይቀራል። በዚያ ሁሉ ባዕድ ነገር መካከል ይህ አንዱ የኔ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን በኋላ ፍጥነቴን ልጅቷም አልቻለችውም። መሪ መስመሬን በማይታተመው ላይ እጥላለሁ፣ ከዚያ ወደ ትክክለኛው ተሻግሬ እሠራለሁ። መሻገሩን ስረሳ «እትዬ፣ ሌየር!» ትለኛለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ መቀመጤን ረሳሁት።

ጠረጴዛዬን የመጨረሻ አደረግሁት። እንደ ሌላው ዕቃ አራት ማዕዘን ስዬ ላልፈው አልፈለግሁም። የሰሌዳውን ጠርዝ፣ ከሥር ያሉትን እግሮች፣ ማዘንበያውን መዘውር፣ ብዕር የማስቀምጥበትን ጠባብ መሳቢያ፣ አንድም ሳይቀር ልሠራው ነው። ልጅቷ ልኬቶቹን በራሷ ተራ አስቀድማ አስገብታለች፤ ጠረጴዛው ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ርዝመቱ ስንት እንደሆነ። ከዚያ «ሳምቡሳ ላምጣ» ብላ ወጣች። እኔ መሪ መስመሬን ጣልኩ። ከዚያ ቀጠልኩ። በእጅ ሲሆን ከመሪ መስመር ወደ ቀለም የሚሻገረው እርሳሱን አስቀምጦ ብዕር በማንሣት ነው፤ ጣት ራሱ ያውቀዋል። እዚህ ግን በጣቴ የያዝኩት መጀመሪያም ማውስ ነው፣ በኋላም ያው ማውስ ነው። የሚያስታውሰኝ ሰው ደግሞ ሳምቡሳ ሊገዛ ወጥቷል። ስጨርስ ወደ ኋላ ሄጄ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ እሱ ራሱ ነበር። ልጅቷ መጥታ «ኧረ እትዬ፣ ይሄማ ፎቶ ነው!» አለች። ፍሎፒ ላይ ገለበጥነው።

የማቅረቢያው ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ፕሎተሩ ክፍሉ ጥግ ላይ የሚያንቋርር ትልቅ ማተሚያ ነው፤ ወረቀቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየጎተተ ብዕር ያስኬድበታል። እውነተኛ ብዕር ሲሰምር ማየት ናፍቆኝ ስለነበር አጠገቡ ተገትሬ ቀረሁ። ግድግዳው ወጣ፣ በሩ ወጣ፣ መደርደሪያው፣ የኮምፒውተሮቹ ጠረጴዛዎች፣ መስኮቱ። ልኬቶቹም ወጡ። ከዚያ ብዕሩ ቆመ፤ ማሽኑ ወረቀቱን ተፋው።

መስኮቱ ጥግ ባዶ ነበር።

«አልጨረሰም» አልኩ።

«ጨርሷል» አለ አስተማሪው።

ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። «እትዬ፣ ሌየር» አለች በቀስታ። ያን ጊዜ ገባኝ። ጠረጴዛዬን በሙሉ በማይታተመው ላይ ነበር የሳልኩት። ሌላ ማተም አይፈቀድም፤ ለአንድ ጥንድ አንድ ወረቀት ነው ደንቡ፣ የሌሎቹም ተራ እየጠበቀ ነው። ያንኑ ይዘን ቀረብን።

አስተማሪው በእርሳሱ ጫፍ መስኮቱ ጥግ ላይ ጠቆመ። «እዚህ ሁለት ልኬት አለ። የተለካው ነገር ግን የለም።»

«ማለቴ፣ ቲቸር፣ ስክሪኑ ላይ አለ!» አለች ልጅቷ። «ይክፈቱትና ይዩት!»

ፍሎፒውን አስገብቶ ከፈተው። ጠረጴዛዬ ከነመዘውሩ ብቅ አለ። ለረጅም ጊዜ አየው፤ የሌየሩን ስም ሲያነብም አየሁት።

«አለ» አለ። «አይታተምም እንጂ አለ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ግንበኛው እጅ የሚገባው ወረቀቱ ነው፤ ይህን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ነጥብ መቀነሴ አይቀርም።»

በዚያው እርሳሱ ቀነሰ። ግን አላስወደቀንም፤ በጠርዙ አለፍን። ልጅቷ ደጅ ስንወጣ «በቃ ጠረጴዛሽ ጉድ ሠርቶን ነበር!» ብላ እየሳቀች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም ሳቅኩ፣ ነገር ግን ያ ባዶ ጥግ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ያን ምሽት ቤቴ ውስጥ ባለቤቴ «ይኸው አለፍሽ፤ አሁን እንኳ ተቀመጪ» ሲለኝ፣ ለጠዋቱ ንግግር ቃላት እየመረጥኩ ከበር እስከ መስኮት እመላለስ ነበር።

በማግሥቱ ወረቀቱን ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። የክፍሉን በር ከፈትኩ። መስኮቱ ጥግ ባዶ ነበር። ወለሉ ላይ የጠረጴዛዬ እግሮች የቆሙባቸው አራት ቦታዎች ብቻ፣ ሰም ስላልነካቸው፣ ነጣ ነጣ ብለው ይታያሉ። ትናንት እኔ ሳልኖር ነው ያወረዱት።

ኃላፊው ደስ ብሏቸው ገቡ። «ሰማሁ፣ ሰማሁ! እንኳን ደስ አለሽ!»

«እንነጋገራለን ብለውኝ ነበር» አልኩ።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ጠረጴዛው።»

«አለፍሽ አይደል እንዴ? ካለፍሽ በኋላ ጠረጴዛ ምን ያደርግልሻል?» አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ እውነት አልገባቸውም። «ነይ እስቲ፣ ሥራሽን አሳይኝ።»

ዘረጋሁት። ጎንበስ ብለው አዩት፤ በሩን በጣታቸው ነኩ፣ ዓምዱን ቆጠሩ፣ የኮምፒውተሮቹን ጠረጴዛዎች ከግድግዳው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ቀና ብለው ክፍሉን ዞረው ተመለከቱ፣ እንደገና ወረቀቱን።

«ግሩም ነው!» አሉ። «ልክ ክፍሉን ነው የሳልሽው። አንድ የጎደለ ነገር የለም።»

አለቀስኩ። ከደስታ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ ያንኑ ቀን ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስለጠፉት። ኮምፒውተሩን ወደ መስኮቱ እናስጠጋው ብዬ ለመንኩ፤ ሶኬቱ ያለው በውስጠኛው ግድግዳ ነው ተባለ። ስለዚህ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሥራዬን አላጣሁም፣ መዝገብ ቤትም አልወረድኩም። የታገልኩለትን አግኝቼ የታገልኩበትን ምክንያት አጣሁ፤ ይህንን ለራሴ ሳልሸፋፍን ነግሬዋለሁ።

ዓመታት አለፉ። ኮምፒውተሮቹ ተቀየሩ፣ ፍሎፒ የሚያነብ ማሽንም ጠፋ። ከመስኮቱ ሥር የነበሩት ቆርቆሮ ጣሪያዎች ብዙዎቹ ፈርሰው መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች በቅለዋል፤ አንዳንዶቹን የሳልኳቸው እኔ ነኝ፣ በሙሉ ልካቸው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ግድግዳው ላይ ቆየ። እንግዳ መሐንዲሶች ሲመጡ ኃላፊው ያሳዩታል፣ እነሱም ያደንቁታል። ልኬቶቹን ያስተዋለ አንድም ሰው አልነበረም።

በቅርቡ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ተቀጠረች። ኮምፒውተር ላይ እጇ የሚበር፣ ወንበሯ ላይ የማትረጋ ልጅ። አንድ ቀን ፋይል እስኪከፈትላት እየተንጎራደደች ወረቀቱ ፊት ቆመች። አንገቷን ዘመም አደረገች።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ እዚህ መስኮቱ ጋ ያሉት ልኬቶች የምን ናቸው? እዚህ ምን ነበር?»

ከወንበሬ ተነሣሁ። ወደ መስኮቱ ሄድኩና ብርሃኑን በግራዬ አድርጌ ቆምኩ፤ ከዚያ ሁለቱን እጆቼን ዘርግቼ «ከዚህ» አልኳት፣ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ «እስከዚህ።»